«ልጄን መሞከሪያ ላደርገው ነው?»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ምጤ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የተወለደው፤ ሲወለድም አላለቀሰም። በ9 ወሩ አንገቱ አልጸና ሲለኝ ይዤው ዞርኩ። ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው ሐኪሞች «ሴሬብራል ፓልሲ ነው፤ አንጎሉ ተጎድቶ ሰውነቱን እንደልቡ ማዘዝ አቅቶታል» አሉኝ። አሁን ተደግፎ ይቀመጣል፤ ብድግ ሲያደርጉት እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ ቀኝ እጁን ጨብጦ ነው የሚውለው። አይናገርም እንጂ ሁሉን ይሰማል። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ልጁ የአባቱን መኪና ጥሩምባ ከሌላው ለይቶ ይስቃል። የጎረቤቶቼ ልጆች ሁሉ «ወፌ ቆመች» ተብሎላቸዋል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ለልጄ አላልኩም።

ባለፈው ወር ልጄን ለፊዚዮቴራፒ፣ ለእንቅስቃሴ ሕክምናው፣ በምወስድበት ሆስፒታል የሚከታተለው ሐኪም «ጥናት ልንጀምር ነው፤ ልጅሽን ብታስገቢው» አለኝ። ለግማሾቹ ልጆች ለ12 ሳምንት ባለሙያ ቤት ድረስ እየመጣ እናትየዋን እንቅስቃሴ ያሠለጥናል። ግማሾቹ እንደ እስከ ዛሬው ሆስፒታል ይመላለሳሉ። ማን የት እንደሚገባ በዕጣ ነው። ልጁ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ደሙም ይወሰዳል። የትራንስፖርት ይከፍሉናል። ምናልባት በዚህ ይቆምልኝ ይሆናል ብዬ ልቤ ተነሥቷል። አማቴ ግን ሲሰሙ «የልጄ ልጅ መሞከሪያ አይሆንም» ብለው አለቀሱ። ጎረቤቴም «ደሙን ውጭ አገር ልከው ይነግዱበታል» አለችኝ። ባለቤቴ በስልክ «ያመንሽበትን አድርጊ» ብሎኛል። እምቢ ብል ፊዚዮቴራፒውን እንዳይከለክሉኝ እፈራለሁ፤ እሺ ብል ልጄን በገንዘብ የሸጥኩት ይመስለኛል። በእርግዝናዬ ጊዜ ጀሪካን ውኃ እሸከም ስለነበር ጥፋቱም የእኔ ነው እላለሁ። የሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። ምን ልበላቸው?

ግራ የገባት እናት

*

እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ያንን ጀሪካን ከጀርባሽ ላይ ላውርድልሽ። በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው፤ እኔን ግን ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ የምታምን እናት ለሐኪም እምቢ ማለት አይሆንላትም። የቀረበላት ወረቀት ሁሉ ዕዳዋን የምትከፍልበት ይመስላትና ሳታነብ ትፈርማለች። አለዚያም አንዴ የበደልኩትን ልጅ ደግሜ ልበድለው ነው ብላ የሚጠቅመውን ትሸሻለች። በሁለቱም በኩል የሚወስነው ጸጸቱ ነው፤ እኔ ደግሞ እንድትወስኚ የምፈልገው አንቺን ነው።

ውኃ መሸከም ሴሬብራል ፓልሲ አያመጣም። ችግሩ የሚመጣው ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ ነው፤ ጉዳቱ በማሕፀን፣ በወሊድ ወይም በሕፃንነት ሊደርስ ይችላል። ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ሳይታከም የቆየ ከባድ የአራስ ልጅ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር ከሚታወቁት ምክንያቶች ውስጥ ናቸው። ዊልያም ጆን ሊትል የተባለ የሎንዶን ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ ነገሩን ከአስቸጋሪ ወሊድ ጋር አያይዞ ከጻፈ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አብዛኛው ሐኪም ጥፋቱን ሁሉ በምጥ ላይ ሲጭን ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሪን ኔልሰንና ጆናስ ኤለንበርግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ከ50 ሺህ በላይ እርግዝናዎችን የተከታተለ ጥናት መዝገብ መርምረው፣ ከችግሩ ጋር ያደጉት አብዛኞቹ ልጆች ሲወለዱ የመታፈን ምልክት እንዳልነበራቸው አሳዩ። የአንቺ ልጅ ታሪክ ከእነዚያ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ምጥሽ ረዝሟል፣ ልጁም አላለቀሰም። ይሁንና የሁለት ቀን ምጥ በጊዜው ያልደረሰልሽ እርዳታ ነው እንጂ አንቺ የሠራሽው በደል አይደለም። ደግሞም ልብ በዪ፣ ይህን ዛሬ ልነግርሽ የቻልኩት ስማቸውን የማናውቃቸው እነዚያ ሁሉ እናቶች «ተከታተሉን» ብለው ስለፈቀዱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሐኪሙ «ልጅሽን ብታስገቢው» ሲልሽ፣ አንቺ የሰማሽው «ልጅሽን ላቆምልሽ» የሚል እንደሆነ ከደብዳቤሽ ይታየኛል። ልብሽ መነሣቱን አልነቅፍም፤ የእናት ልብ ነው። ግን ጥናት ሕክምና አይደለም። ሐኪም ሲያክም የሚጠቅምሽን ዐውቆ ይሰጥሻል፤ ቢያንስ ዐውቃለሁ ብሎ ይሰጥሻል። ጥናት የሚጀመረው ግን «ይህ ይጠቅም ይሆን?» ከሚል ጥያቄ ነው። መልሱ ቢታወቅ ኖሮ ጥናቱም ዕጣውም ባላስፈለገ። ስለዚህ ቤት ድረስ የሚመጣው ሥልጠና ልጅሽን ሊጠቅመው ይችላል፤ ሆስፒታል ከመመላለስ የማይሻል ሆኖም ሊገኝ ይችላል። ሐኪሙም ይህን በግልጽ ሊነግርሽ ይገባል። «ይህ ጥናት ልጄን እንዲራመድ ያደርገዋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። «አዎ» ካለሽ እውነቱን አልነገረሽም። ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚጠቀሙበት ባለ 5 ደረጃ የእንቅስቃሴ መለኪያ አለ፤ 1 ያለ ድጋፍ የሚራመድ ልጅ ነው፣ 5 ደግሞ ሰው በሚገፋው ወንበር ላይ የሚሆን ነው። ልጅሽ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ አስነግሪ። በ12 ሳምንት ከ4 ወደ 1 የሚዘል ልጅ የለም። ሳይደገፍ ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ኩባያ መንካት፣ እግሩ ሳይጠላለፍ ዳይፐሩን መቀየር ግን ልትጠብቂው የምትችዪው ነገር ነው፤ የአንቺንም ወገብ ያሳርፋል።

ስለ ዕጣው ደግሞ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፤ ብዙ ወላጅ የሚከፋው በእሱ ነው። «ለምን የእኔ ልጅ ይቀራል?» ይባላል። በካናዳ ኩቤክ ውስጥ እንደ አንቺ ልጅ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች ወላጆች፣ ልጆቻቸውን የአየር ግፊቱ ከፍ ባለ ክፍል ውስጥ ኦክስጅን ቢያስተነፍሷቸው እንደሚሻላቸው በጽኑ ያምኑ ነበር። ተመራማሪዎች 111 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ንጹሕ ኦክስጅኑን በከፍተኛ ግፊት 40 ጊዜ ወሰዱ። ግማሾቹም ያው ክፍል ውስጥ እኩል ጊዜ ገቡ፤ የተሰጣቸው ግን ግፊቱ በጥቂቱ ብቻ ከፍ ያለ ተራ አየር ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲታተም ሁለቱም ወገን ተሻሽሎ ተገኘ፤ እኩል በእኩል። የወላጆቹ ዓይን አልዋሸም፤ ልጆቹ በእርግጥም ተሻሽለው ነበር። ኦክስጅኑ ግን ከተራው አየር ብልጫ አላሳየም። ያለ ዕጣ አንድ ወገን ብቻ ቢታይ ኖሮ ዛሬ በየአገሩ ድሃ ወላጅ ለዚያ ክፍል ቤቱን ይሸጥ ነበር።

ቤት መሸጥ ያልኩት እንዲያው ለአነጋገር አይደለም። የማውቀው አንድ ቤተሰብ ከአያት የወረሰውን ግቢ ሸጦ «ስቴም ሴል እንሰጣለን፤ ጥናት ላይ ነው» ወዳለው ውጭ አገር ክሊኒክ ሴት ልጁን ወስዶ ተመልሷል። ልጅቱ እንደ ሄደች መጣች፤ ግቢው ግን አልተመለሰም። በስቴም ሴል፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ በሚችለው የሰውነት ሕዋስ፣ ላይ እውነተኛ ጥናቶች ይካሄዳሉ። የእነሱ አንዱ መለያ ግን ከታማሚው ቤተሰብ ክፍያ አለመጠየቃቸው ነው። ጥናት ነው ብሎ ያንቺን ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሻጭ ነው። በዚህ በኩል ያንቺዎቹ አጥኚዎች ደህና ጀምረዋል። የሚሰጡሽ የትራንስፖርት ገንዘብም ልጅሽን የሸጥሽበት ዋጋ አይደለም፤ ለእነሱ ሥራ ብለሽ ከኪስሽ እንዳታወጪ ነው። ሸጥኩት የሚያሰኝ ገንዘብ ቢሆን እናትን ያላመነችበት ነገር ውስጥ የሚያስገባ ብዙ ብር በሆነ፤ ይህንንም የሚከለክል አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ልቤን እየነካኝ የምጽፈው ነው። ልጅሽ ሳያለቅስ እንደተወለደ ነግረሽኛል። በሀብታሞቹ አገሮች እንዲህ ታፍነው የተወለዱ ሕፃናት ለ72 ሰዓት ሰውነታቸው ወደ 33 ወይም 34 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ይህ ሕክምና እዚያ በብዙ ጥናት ተፈትኖ ሞትንና የአካል ጉዳትን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ለእኛ ዓይነት አገርም በቀጥታ ይሠራል ተብሎ ተገምቶ ነበር። በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ 408 አራስ ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያወጣ ግን፣ ከቀዘቀዙት ውስጥ 42 በመቶ ሞቱ፤ ካልቀዘቀዙት 31 በመቶ። እዚያ ያዳነው ሕክምና እዚህ ጎዳ። ይህ የታወቀው የእነዚያ አገሮች ወላጆች፣ በዚያ በጭንቅ ሰዓት፣ ልጆቻቸው በጥናቱ ውስጥ እንዲገቡ ስለፈቀዱ ነው። እነሱ ባይፈቅዱ ኖሮ በየሆስፒታሉ በቅን ልብ ስንት ሕፃን ይቀዘቅዝ ነበር? የእኛ ልጆች ያልተጠየቁበትን መልስ ተውሰን ስናክማቸው እንደዚህ ያለ ነገር ሊደርስ ይችላል። የቤት ውስጥ ሥልጠናም እንዲሁ ነው። በስቶክሆልም አፓርታማ ምንጣፍ ላይ የሚሠራው እንቅስቃሴ፣ እናት እያዘለች ውኃ በምትቀዳበት፣ ልብስ በምታጥብበት ቤት ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀው እዚሁ ሲጠና ነው። ስለዚህ በመርሕ ደረጃ ብትጠይቂኝ፣ እንዲህ ያለው ጥናት በአገራችን መደረጉን እደግፋለሁ፤ በደንብ እደግፋለሁ።

ታዲያ አማትሽ ተሳሳቱ ማለቴ አይደለም። «መሞከሪያ አይሆንም» ብለው ማልቀሳቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ ስታተን አይላንድ በሚገኘው ዊሎውብሩክ በተባለ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች በሚኖሩበት ተቋም፣ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ለዓመታት ሐኪሞች ልጆችን ሆን ብለው በጉበት በሽታ ተሐዋሲ ያስይዙ ነበር። ወላጆች ፈርመዋል። ግን እንዴት ፈረሙ? ተቋሙ ሞልቶ አዲስ ልጅ አልቀበልም ባለበት ወቅት፣ ቦታ የነበረው ጥናቱ በሚካሄድበት ክፍል ነበር። ልጇን የምታስገባበት ያጣች እናት ምን ምርጫ አላት? እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በናይጄሪያዋ ካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረ ጊዜ ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በ200 ሕፃናት ላይ ጥናት አደረገ፤ ቤተሰቦች በኋላ «ጥናት መሆኑ አልተነገረንም» ብለው ለዓመታት ተሟገቱ። የአማትሽ እንባ የእነዚህን ቤተሰቦች ታሪክ ሳይሰማ የተረዳ እንባ ነውና አክብሪው።

የአንቺም ፍርሃት፣ ፊዚዮቴራፒውን ይከለክሉኛል የሚለው፣ ያው የዊሎውብሩክ እናቶች ፍርሃት ነው። ለዚህ ነው የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 በሄልሲንኪ ባወጣውና እስከ 2024 ድረስ እየተሻሻለ በመጣው ድንጋጌ ላይ፣ በጥናት አልሳተፍም ማለት ወይም ከመሀል ማቋረጥ በሕክምናው ላይ በፍጹም ጉዳት ሊያስከትል እንደማይገባ የተጻፈው። ሌላም ነገር ተጽፏል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፈቃድ የሚጠየቀው ሰው በሐኪሙ እጅ ላይ ያለ፣ እሱን የሚያፍር ወይም የሚፈራ ከሆነ፣ ፈቃዱን ሌላ ገለልተኛ የሆነ ባለሙያ እንዲጠይቅ ነው የሚያዘው። ልጅሽን የሚያክመውና ለጥናቱ የጠየቀሽ አንድ ሰው ነው። ሐሙስ ስትሄጂ «ቅጹን ሌላ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል» በይው። ቅን ሐኪም ከሆነ አይከፋውም፤ እንዲያውም ይህ ከእሱ መምጣት የነበረበት ነው።

ይህን የምነግርሽ ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ለ6 ዓመት በአንድ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ የማኅበረሰብ ተወካይ ሆኜ ተቀምጫለሁ። በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ሁሉ ከመጀመሩ በፊት በእንዲህ ዓይነት ኮሚቴ መታየት አለበት። አዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ከሆነ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያንቺው መድኃኒት የለበትም። ለተሳታፊ የሚከፈለው ገንዘብ የድሃን ልብ የሚያስት እንዳይሆን የሚያየውም ይኸው ኮሚቴ ነው። ሐኪሞቹና የሕግ ባለሙያው በትልልቁ ነገር ላይ ሲከራከሩ የእኔ ሥራ የአማርኛውን የፈቃድ ቅጽ እንደ እናት ማንበብ ነበር። አንድ ቀን አንድ ቅጽ ላይ «ጥናቱን በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይቻላል» የሚል አነበብኩ። «ማን ነው የሚችለው?» ብዬ ጠየቅሁ። አጥኚው ግራ ገብቶት አየኝ። በእንግሊዝኛው ላይ የሚያቋርጠው ተሳታፊው መሆኑ ፍንትው ብሎ ተጽፏል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ባለቤቱ ጠፋ። ሳታውቅ የምታነብ እናት «ሲሰለቻቸው ጥለውን ሊሄዱ ይችላሉ» ብላ ትረዳዋለች። ያንን ዓረፍተ ነገር «እርስዎ በፈለጉት ጊዜ፣ ምክንያት መናገር ሳያስፈልግዎ፣ ልጅዎን ከጥናቱ ማስወጣት ይችላሉ» ብለን እስክናስተካክለው ያ ጥናት አልተፈቀደም። ስለዚህ ያንቺን ቅጽ ስታነቢ «ይደረጋል»፣ «ይወሰዳል»፣ «ይቻላል» የሚል ባገኘሽ ቁጥር «ማን?» በዪ። ማን ያደርጋል? ማን ይወስዳል? ማን ይችላል?

ቅጹ ላይ የኮሚቴው ስምና ስልክ ቁጥር መኖር አለበት። ከሌለ አትፈርሚ። ካለ ደግሞ ደውዪ፤ እኔ በኮሚቴው በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ የደወሉ እናቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ስልኩ የተጻፈው ግን ለእናንተ ነበር። ቅጹን ወደ ቤት መውሰድ መብትሽ ነው። «አሁኑኑ ካልፈረምሽ ቦታው ይሞላል» የሚልሽ ካለ፣ ቦታው ይሙላ።

ስለ ደሙ። ለዚህ ችግር ደም የሚወሰደው ብዙ ጊዜ የዘር ምክንያት ለመፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከታማሚዎቹ ውስጥ 14 በመቶ ያህሉ ላይ ከዘረ መል ጋር የተያያዘ ምክንያት እንዳለ አሳይቷልና ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ግን የቤት ውስጥ እንቅስቃሴን ከሚመረምር ጥናት ጋር ለምን እንደተጣመረ አልገባኝም፤ አንቺም ሳይገባሽ አትስጪ። ጎረቤትሽ «ይነግዱበታል» ማለቷ የተጋነነ ነው፤ ደም ወደ ውጭ መላኩ ግን ያለ ነገር ነው፤ በአገር ውስጥ የማይደረግ ምርመራ ሲኖር በስምምነትና በፈቃድ ይላካል። ጠይቂያቸው፦ ስንት ሚሊ ሊትር ነው? የት ይመረመራል? የተረፈው ይወገዳል ወይስ ይቀመጣል? ከተቀመጠስ ለሌላ ጥናት ሲፈለግ እኔን መልሳችሁ ትጠይቁኛላችሁ? የልጄን ሕክምና የሚቀይር ነገር ቢገኝ ትነግሩኛላችሁ? ደግሞም ሥልጠናውን እሺ ብዬ ደሙን እምቢ ማለት እችላለሁ ወይ? በብዙ ጥናቶች ይህ ይቻላል፤ ሳትጠይቂ ግን ማንም አይነግርሽም።

ቪዲዮው እንቅስቃሴን ለመመዘን በእርግጥ ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች ልጁን በተለያየ ጊዜ አይተው እንዳይለያዩ፣ ልጁ በዕጣው ከየትኛው ወገን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቪዲዮውን አይቶ ነጥብ ይሰጣል። ግን በባለሙያው የግል ስልክ እንዳይቀረጽ፣ ለሥልጠናም ሆነ ለማኅበራዊ ሚዲያ እንዳይወጣ፣ መቼ እንደሚጠፋም በጽሑፍ ይኑርሽ። የልጅሽ ፊት የእሱ ነው።

እሱን ካነሣሁ አይቀር፣ እሱንስ ማን ጠየቀው? አራት ዓመት ነው፣ አይናገርም ትዪ ይሆናል። አንድ ጊዜ የፈቀድነው ጥናት እንዴት እየሄደ እንደሆነ ለማየት ከአጥኚዎቹ ጋር አንድ ቤት ሄጄ ነበር። የ7 ዓመት ልጅ ናት፤ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች፤ እሷም አትናገርም። ፊዚዮቴራፒስቱ የጉልበት መታጠፊያ የሚለካበትን የፕላስቲክ ማስመሪያ ከቦርሳው ሲያወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ በደህናው እጇም የፍራሹን ጠርዝ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። እናትየዋ ከምድጃው ሳትነሣ «ዛሬ አልፈለገችም» አለች። ፊዚዮቴራፒስቱ ወጣት ነው፤ የሚሞላው ቅጽ አለበት፤ ያም ሆኖ ማስመሪያውን መልሶ ከተተ። ቡናችንን ጠጥተን ወጣን። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሲሄድ ማስመሪያውን መጀመሪያ እጇ ላይ አስቀመጠላት፤ አገላብጣ አየችውና እግሯን እንድትዘረጋ ሲጠይቃት ዝም ብላ አስነካችው። ያ «ዝም» ከእናቷ ፊርማ እኩል የምቆጥረው ፈቃድ ነው። የአባቱን ጥሩምባ ከመቶ መኪና የሚለይ ልጅ «አልፈልግም» ማለት ያውቃል። እንዴት እንደሚል ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ። ለአጥኚዎቹ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ «ልጄ እንዲህ ሲያደርግ በቃ ማለቱ ነው፣ ታቆማላችሁ» በያቸው።

ሌላ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አለ። ጠበል የምትወስጂው ከሆነ፣ ወጌሻም ጋ የምታሳሺው ከሆነ ለአጥኚዎቹ አትደብቂ። ብዙ እናቶች ይቆጡናል ብለው ይደብቃሉ። ጠበሉን ማንም አይከለክልሽም፤ ልጅሽ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከጀመረ ግን በምንም ምክንያት በአንድ ጊዜ እንዳታቋርጪበት። ወጌሻውን ግን እግሩን እንዳይስበው ከልክዪው። እግራቸው እንደ መቀስ የሚጠላለፍ ልጆች ዳሌያቸው ቀስ በቀስ ከመጋጠሚያው ሊወጣ ይችላል፤ ሲጀምር አያምም፣ አይታይምም። በደቡብ ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ልጆች ሁሉ ዳሌያቸው በየጊዜው በራጅ ክትትል ሲደረግለት፣ ቀድሞ ከ100 ልጆች ወደ 8 የሚጠጋው ዳሌው ይወጣ የነበረው ከ1 በታች ሆነ። ይህም የተገኘው በጥናት ነው፤ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው እንዲመዘገቡ ፈቅደው። በጥናቱ ብትገቢም ባትገቢም ሐሙስ ለልጅሽ የዳሌ ራጅ እንዲታዘዝለት ጠይቂ።

የእኔን ሐሳብ ቁርጥ አድርገሽ ንገሪኝ ካልሽ፣ ሥልጠናውን ብትሞክሪው ደስ ይለኛል። ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ዕጣው ባይወጣልሽ እንኳ የምታጪው ነገር የለም፣ ፊዚዮቴራፒው ይቀጥላልና። ዕጣው ለሌላኛው ወገን ከወጣ «ሥልጠናው ጠቃሚ ሆኖ ከተገኘ በመጨረሻ ለእኛም ትሰጡናላችሁ?» ብለሽ አሁኑኑ ቃል አስገቢያቸው። ቪዲዮውን ባልኩሽ ገደብ ፍቀጂ። ደሙን፣ ጥያቄዎችሽ በሙሉ በጽሑፍ እስኪመለሱ ድረስ፣ አቆዪው። ባለቤትሽ «ያመንሽበትን» ቢልሽም ቅጹን በስልክ አንብቢለት፤ አባት ነውና እሱም ይስማ። ሌላም አስጠይቂ፦ ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱን ማን ይነግረኛል? እኛ ኮሚቴ ሆነን ብዙ ጥናት አሳልፈናል፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘኋቸው እናቶች ግን ልጆቻቸው የገቡበት ጥናት ምን እንዳገኘ አልሰሙም። ያኔ አጥብቄ ባለመያዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐሙስ አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። በር ላይ እንዳታስቀምጫቸው፤ ከሐኪሙ ፊት ለፊት ወንበር ስጫቸው፣ የሚያስረዳሽም ሰው ለእሳቸው ያስረዳ። «መሞከሪያ» የሚለውን ቃል ራሳቸው ያንሡት። እሳቸው ከገባቸው ለአንቺም ገብቶሻል ማለት ነው፤ ካልገባቸው ደግሞ ቅጹን በቦርሳሽ ይዛችሁ ወደ ቤት ተመለሱ። የራጁን ማዘዣ ግን ሳትቀበዪ እንዳትወጪ፤ እሱ ዕጣ አይጠብቅም።